ከጥሪ ካርዱ የወጣው ስም

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ራኬብ ወደ ማተሚያ ቤቱ ስትገባ አቶ አብዱረህማን ማሽናቸውን አቁመው ሻይ እየጠጡ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ጫማ መደብር ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሌላ ጊዜ ገና በሩ ላይ ሲያዩዋት «ሙሽሪት መጣች!» ብለው የሚጮኹት ሽማግሌ ዛሬ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

«ደረሰልኝ ጋሼ?»

«ደርሷል።» ካርቶኑን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም። «ልጄ፣ ቤትሽ ገብተሽ ክፈቺው ብልሽ ትሰሚኛለሽ?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩትን?» አለችና ሳቀች። እየሳቀች ከፈተችው።

ካርዱን የሳለችው ራሷ ናት። ራኬብ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ፈተና ላይ እያሉ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ፣ አሮጌ የእንጨት ደረጃ ላይ የተኮለኮሉ የሠርግ እንግዶችን ስትስል ነው የሰነበተችው። አንዱ ክራቫቱን ፈትቷል፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፣ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ከሥሩ በገዛ እጇ ጽሑፍ «ኑ፣ ብሉ፣ ጨፍሩ። ሙሉ ልብስ ለብሶ የመጣ ኮቱን በር ላይ ያስረክባል» ይላል። ሁሉም በቦታው አለ። ቀለሙም አምሯል።

ከሥዕሉ በላይ ያለው መስመር ግን እሷ የጻፈችው አይደለም። እሷ የጻፈችው «ወይዘሮ ሸዋረጋ ደምሴ እና ወይዘሮ የሺ ታፈሰ ልጆቻችንን ስንድር አብራችሁን ተደሰቱ» የሚል ነበር። የታተመው «አቶ እስጢፋኖስ ወልዴ እና ወይዘሮ የሺ ታፈሰ» ይላል።

አንዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከመሀል መዘዘች። ከታች መዘዘች። ሁሉም አንድ ነው።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለች ቀስ ብላ።

«አልተሳሳትኩም፣ ልጄ። ወይዘሮ የሺ ራሳቸው መጥተው ነው ያስቀየሩት። እኔ ደግሞ ሙሽራው ካልፈረመበት አላትምም አልኩ። ሰው የሚጣላበት ነገር መሆኑ አልጠፋኝም።» መሳቢያቸውን ስበው አንድ ናሙና አወጡ። ከግርጌው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይታተም» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ፊርማ አለ።

ፊርማውን ታውቀዋለች። አራት ዓመት ሙሉ በላከላት ደብዳቤዎች ሁሉ ግርጌ ላይ ያለ ነው፤ የ«ብ»ን አንድ እግር እንደ ጅራት እየጎተተ ነው የሚፈርመው። ዘርዓብሩክ።

የእናቱ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቁጣ ትነድ ነበር። አሁን ግን ቁጣው እንኳ እምቢ አላት። የመዘዘቻቸውን ካርዶች ወደ ካርቶኑ መልሳ ክዳኑን ዘጋች።

* * *

ሸዋረጋ ማን እንደሆነች ሳይነገር የዚህ ካርድ ነገር አይገባም።

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ዙሪያው ሲፈርስ የተረፈ ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን አለ። የሟቹ የአቶ ገብረክርስቶስና የባለቤታቸው የወይዘሮ የሺ ንብረት ነው። የራኬብ እናት ሜላት የቢሮ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አቶ እስጢፋኖስ የሚባል፣ ሚስትም ቤትም ያለው ነጋዴ አፈቀርኩሽ ብሎ፣ አስረግዞ፣ ተሰወረ። ሜላት ታማ ስትሞት ራኬብ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰውየው ለቀብርም አልመጣ፣ ለሠልስትም አልታየ። ሠፈርተኛው ልጅቷን ለየትኛው ማሳደጊያ እንስጣት እያለ ሲመክር፣ የፔንሲዮኑ አንሶላ አጣቢ ሸዋረጋ፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ «እስኪ ለዛሬ እኔ ጋ ትደር» አለች። ያ «ዛሬ» ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው።

ራኬብ «እቴቴ» እያለቻት አደገች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፔንሲዮኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የባለቤቶቹ ልጅ ዘርዓብሩክ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ደብተሯን እየረገጠ ያናድዳታል። ከዚያ እሱም ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ እሷም አደገች። ከአራት ዓመት በፊት ለሸዋረጋ መነጽር ልታሠራ ፒያሳ ወደሚገኘው የመነጽር ሱቁ ስትገባ፣ ቀና ብሎ አያት። «ደብተርሽን ይቅርታ ልጠይቀው» አላት። ነገሩ እንዲያ ተጀመረ።

ወይዘሮ የሺ ሁለት ዓመት እምቢ ብለው ኖረው በመከራ ነው እሺ ያሉት። ከዚያ ወዲያ ራኬብና ዘርዓብሩክ ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ሠርጋቸውን ሲያቅዱ እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት። ሆቴል የለም፤ ድንኳኑ የፔንሲዮኑ ግቢ ውስጥ ይተከላል። የመኪና አጀብም የለም። ጊዮርጊስ ከተባረኩ በኋላ በእግራቸው፣ አኮርዲዮን በሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ ታጅበው ነው የሚመጡት። መናፈሻ ውስጥ አበባ እያሸተቱ ፎቶ መነሳት ክልክል ነው። «ከፍ ያለ መድረክ ላይ እንደ ሱቅ ዕቃ አንደረደርም» አለች እሷ፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ሊበሉ ተስማሙ። ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆናቸው የእስክስታ ውድድር ይኖራል፤ ላሸነፈው ዘርዓብሩክ መነጽር በነጻ ይሠራለታል።

«አንድ ነገር ብቻ ለኔ ተውልኝ» ብላው ነበር ራኬብ። «ካርዱ ላይ የእቴቴ ስም ይወጣል።»

«በአባቴ አፅም» ብሎ ነበር የማለላት።

* * *

ካርቶኑን ታቅፋ የቸርችልን ዳገት በእግሯ ወጣች። ታክሲ ብትይዝ ሰው ሊያናግራት ነው፤ ማንም እንዲያናግራት አልፈለገችም።

የፔንሲዮኑ ግቢ ስትገባ ገመዱ ላይ የተሰጡ ከባድ መጋረጃዎች ውሃ ያንጠባጥባሉ። ከቧንቧው ሥር ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ያጎነበሰችውን ሴት ስታይ እግሯ ቆመ።

«እቴቴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሸዋረጋ ቀና አለች። ሥራውን በጡረታ ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። «ውይ፣ ልጄ! እትዬ የሺ ትናንት ደውለውልኝ እኮ ነው። የመጋረጃ ነገር ካንቺ እጅ ሌላ አይሆንልኝም አሉኝ። ለሠርግሽ ነው፣ ምን አለበት?»

የሙሽራዋ እናት ለልጇ ሠርግ የአማቿን መጋረጃ ታጥባለች። ራኬብ ደረጃውን ወጣች።

ወይዘሮ የሺ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው የእንግዶችን ዝርዝር ያያሉ። ዘርዓብሩክ መስኮቱ ጋ ሜትር ይዞ ቆሟል፤ የድንኳኑን ስፋት ሲለካ ቆይቶ መግባቱ ነው። ሲያያት ፈገግ አለ። ካርቶኑን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «‹ይታተም› ያልከው አንተ ነህ?»

«ራኪ፣ ቁጭ በይና…»

«አንተ ነህ ወይ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አጠፋ?» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «የልጅቱን አባት ስም በአባት ቦታ አስገባ። ይኼ ወንጀል ነው?»

«እትዬ፣ ከእሱ ጋር ነው የማወራው።»

«እኔ ቤት ቆመሽ ከእኔ ጋር ነው የምታወሪው!» ወረቀቱን አስቀመጡ። «ስሚ፣ አንቺን ጠልቼሽ አይደለም። ይኼ ካርድ ማን ቤት እንደሚገባ ታውቂያለሽ? የባለቤቴ ወንድሞች፣ የማኅበሩ ሰዎች፣ የማውቀው ሰው ሁሉ። ‹ሸዋረጋ ማን ናት?› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ሠላሳ አምስት ዓመት አንሶላዬን ያጠበች ናት ልበል?»

«ይበሉ! እውነት አይደለም እንዴ?»

«በዓል በመጣ ቁጥር አልብሻታለሁ። ስትታመም አሳክሜያታለሁ። በደል የለብኝም። ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታ አለው። አሳደገችሽ፣ እግዜር ይስጣት። አባት ደግሞ አባት ነው። ያለበትን አፈላልገን፣ ሽማግሌ ልከን፣ አንቺን የሰጠን አቶ እስጢፋኖስ ነው። ሄጄ ስነግረው ካርዱ ላይ ስሜ ቢወጣ ደስ ይለኛል ብሏል።»

«ደስ ይለዋል!» ራኬብ ድምጿ ተሰነጠቀ። «ደስ ነው እንጂ የሚለው! ወልዶ የጣለውን ሌላ ሰው አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ አልብሶ ሲያቀርብለት ለምን ደስ አይለው? ሽማግሌ እሱ ጋ ሲላክ ወግ ነው ብዬ ዋጥኩት። ስሙን ከመታወቂያዬ ላይ ማውጣት አልችልም። ካርዱ ግን የኔ ነበር፣ እትዬ። በእጄ ነው የሳልኩት።»

ዘርዓብሩክ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። «ራኪ፣ ወረቀት እኮ ነው። ሰው አንብቦ የሚጥለው ወረቀት። እማዬ ግቢውን ፈቀደች፣ አኮርዲዮኑን ፈቀደች፣ በእግር መሄዱን ፈቀደች። ይቺን አንዷን ብቻ ስጠኝ አለች። እሷን ሰጥቼ ሌላውን ላተርፍልሽ ነው ያሰብኩት።»

«የሰጠኸው እናቴን ነው።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቆጫለሽ ብዬ…»

«ደግ አስበሃል!»

በሩ ላይ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሸዋረጋ ናት። ጩኸቱን ሰምታ ነው የወጣችው። ውሃ የሚያንጠባጥቡ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ዘርዓብሩክ ስትገባ አዳኝ ያገኘ መሰለው።

«ሸዋዬ፣ እስኪ አንቺ ንገሪያት» አላት። «አንቺ እኮ ቅር አይልሽም!»

ሸዋዬ። አንቺ። ራኬብ ይህን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ እንደ ቤቱ ሽታ ለምዳው። ዛሬ ግን ጆሮዋን በጥፊ መታት። ሊያገባት የተዘጋጀ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው እናቷን «አንቺ» ይላል። አጠገቡ እናቱ ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ ከሸዋረጋ ያንሳሉ፤ ሸዋረጋ ደግሞ እሳቸውን ስትጠራ አጎንብሳ ነው።

«ኧረ እኔ ምን ቅር ይለኛል» አለች ሸዋረጋ መሬት መሬቱን እያየች። «ተይው፣ ልጄ። የአባት ስም ሲኖር ያምራል። ለኔ ብለሽ ሠርግሽን አታበላሺ።»

«አየሽ?» አሉ ወይዘሮ የሺ። «እሷ እንኳ ልኳን ታውቃለች።»

ራኬብ ቀለበቷን ከጣቷ አወጣች። ጠበቅ ብሎ አስቸገራት፤ እያዞረች ጎተተችው። ሲወጣላት ከካርዶቹ ላይ አስቀመጠችው።

«ሦስት መቶ ካርድ ታትሟል» አለች ዘርዓብሩክን እያየች። «የሚያኮራ አማችም አግኝታችኋል። እንግዲህ የቀረችው ሙሽሪት ናት፤ እሷን ፈልጉ።»

የሸዋረጋን እርጥብ እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ከኋላዋ ስሟን እንዲጠራ ተመኘች። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ደግሞ ባይጠራኝ ብላ ጸለየች። አልጠራትም። የጎዳት የትኛው እንደሆነ አላወቀችም።

* * *

ቤታቸው ወዳለበት አፍንጮ በር በእግራቸው ሄዱ። ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ ነው ራኬብ የፈነዳችው።

«አንቺም አዋርደሽኛል!» አለች። «እኔ እንዲያ ስሟገትልሽ፣ ለራስሽ አንዲት ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት? ‹ቅር ይለኛል› ማለት እንዴት ያቅትሻል?»

ሸዋረጋ ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋ ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ቀስ ብላ ስታጣጥፍ ተናዳለች ማለት ነው።

«እዚያ ቤት ቅር ያለኝን ሁሉ ብናገር ኖሮ» አለች፣ «አንቺን በምን አሳድግሽ ነበር? ምላሴን የዋጥኩት ለማን ብዬ መሰለሽ?»

በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን እንደ ጎረቤት ዕቃ እየተቀባበሉ እንጂ እንደ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። ስልኳ ይጠራል፤ የዘርዓብሩክ ስም ብልጭ ይላል፤ ትገለብጠዋለች። ሲጠራ ትናደዳለች፣ ሳይጠራ ሲቆይ ይብስ ትናደዳለች።

ዓርብ ዕለት በሩ ተንኳኳ። የፔንሲዮኑ የቀድሞ ዘበኛ አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። ፖስታ ይዘዋል። ራኬብ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው ፖስታውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት።

«ላንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ፖስታው ላይ «ለክብርት ወይዘሮ ሸዋረጋ ደምሴ» ይላል።

ሸዋረጋ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ታነባለች፤ ግን ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያሳለፈች፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየመለሰች ነው። በስሟ ደብዳቤ ሲመጣላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አምጪ ላንብብልሽ» አለች ራኬብ።

«በስሜ የመጣ ነው። ራሴ አነበዋለሁ።»

መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ዓርብን አነበበች። ቅዳሜንም አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ራኬብ ታየዋለች፤ ቃሉ ግን አይሰማትም። አንድ ጊዜ ሸዋረጋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ብቻዋን «እህ!» አለች፣ በቁጣ። ራኬብ ልብስ ተኮሰች፣ የተኮሰችውን መልሳ ተኮሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸዋረጋ ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ አጥፋ፣ የላይኛው ክፍል ብቻ እንዲታይ አድርጋ አሳየቻት። ራኬብ አነበበች።

«ወይዘሮ ሸዋረጋ፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። እርስዎ እናቴን ‹እርስዎ› ይላሉ፤ እናቴ እርስዎን ‹አንቺ› ትላለች፤ እኔም አፌን ስፈታ ከእሷ ተማርኩት። ማክሰኞ ዕለት ራኬብ ያየችኝን አስተያየት እስካይ ድረስ ነውር መሆኑ አልታየኝም። የሰው ዓይን እያረምኩ የምኖር ሰው ነኝ። ‹ወረቀት ነው› ያልኩት ውሸት ነው። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ከራኬብ አልደብቀውም ነበር። የፈረምኩት ፈርቼ ነው። እናቴን ፈራሁ፤ እርስዎን አልፈራሁም። እርስዎን የሚፈራ ሰው በቤታችን ኖሮ አያውቅም…»

«ቀሪውስ?» አለች ራኬብ።

«ቀሪው የኔ ነው።» ሸዋረጋ ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ይቅር አልሽው?»

አሮጊቷ አሰበች። «እኔ እንጃ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ይቅርታ ሳይለኝ ነው ይቅር የምለው። አሁን አንዱ ሲለኝ ትንሽ ልቆይበት እስኪ።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ራኬብ አይታው አታውቅም። ለአፍታ የራሷን ንዴት ረሳችና፣ ይህችን አብራት የኖረችውን ሴት ገና ልታውቃት እንደሆነ ተሰማት። ትንሽ አስፈራት።

* * *

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸዋረጋ ጥልፍ ቀሚሷን አላወለቀችም። ለበዓል ብቻ የምታወጣትን ባለ መደገፊያ ወንበር ክፍሉ መሀል አድርጋ ተቀመጠችባት። ራኬብን «ጓዳ ግቢ» አለቻት። «ለምን?» ስትላት፣ «ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አትወጣም» አለች።

ሦስት ሰዎች መጡ። ከፊት አቶ አብዱረህማን፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፤ ቀጥሎ አቶ ኃይለየሱስ፣ በከዘራ፤ ከኋላ የዘርዓብሩክ የሱቅ ጎረቤት፣ የሰዓት ሠሪው አቶ ፍትዊ። ራኬብ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?» አሉ አቶ አብዱረህማን።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ። በወጉ የቤቱ ባለቤት «ተቀመጡ» ይላል፣ ሽማግሌ ደግሞ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። ሸዋረጋ «ተቀመጡ» አላለችም። ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ አብዱረህማን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዘርዓብሩክ ገብረክርስቶስ የሚባል ልጅ አለን። ሠርቶ የሚበላ ነው። ልጅዎን ራኬብን ለትዳር ፈልጎ ልኮናል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ልንል ነው የመጣነው።»

«ልጅቷ ተሰጥታለች ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች ሸዋረጋ። «የሰጧትም አቶ እስጢፋኖስ ናቸው አሉ። ለምን እዚያው አትሄዱም?»

«ያኔ በር ተሳስተን ነው፣ እመቤቴ» አሉ አቶ ኃይለየሱስ።

«የላካችሁ ማን ነው?»

«ልጁ ራሱ።»

«የሺስ?»

ራኬብ አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ» የለም። ሸዋረጋ ያን ስም ብቻውን ጠርታው አታውቅም፤ ቤቷ ተቀምጣ እንኳ፣ ማንም በሌለበት እንኳ።

አቶ አብዱረህማን ከዘራ እንዳልያዙ ትዝ ያላቸው ይመስል እጃቸው የሚደገፈው አጣ። «አልዋሽዎትም። ወይዘሮ የሺ አልላኩንም። ‹ግቢዬ ድንኳን አይተከልበትም፣ እኔም እዚያ ሠርግ ላይ እግሬን አላነሳም› ብለዋል። ልጁም ልብሱን ሸክፎ አቶ ፍትዊ ጋ ገብቷል።»

«ሦስት ቀኑ ነው» አሉ አቶ ፍትዊ። «ሶፋ ላይ ይተኛል። ለእግሩ አይበቃውም።»

«ካርዱስ?»

«እሱን በገዛ እጁ አምጥቶ የኔው መቁረጫ ላይ ቆራረጠው። አዲስ አትምልኝ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩት» አሉ አቶ አብዱረህማን። «‹መጀመሪያ ባለስሟን አስፈቅድ› አልኩት።»

ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። «ደግ አደረጉ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ልጄም ብትሆን ስሜን ስትጽፈው አልጠየቀችኝም። አንዷ ጻፈችኝ፣ ሌላዋ ፋቀችኝ።»

መጋረጃው ጀርባ ራኬብ ፊቷ ጋለ። እውነት ነው። አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። ፍቅሯ ይበቃል ብላ ነበር።

«ይበሉ እንግዲህ፣ ቃል ይስጡን» አሉ አቶ ኃይለየሱስ፤ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሰምቻለሁ» አለች ሸዋረጋ። «ልጅ የሚዳረው በምክር ነው። የማማክራቸው ጎረቤቶች አሉኝ። ልጅቷንም እጠይቃታለሁ፤ ትፈልገው እንደሆነ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ተመለሱ።»

«ሁለት ሳምንት!» አሉ አቶ ፍትዊ። «ሠርጉ እኮ ከዛሬ አሥራ ሦስት ቀን ነው!»

«ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም።»

አቶ አብዱረህማን ኮፍያቸውን ነካ አድርገው እጅ ነሱ። «እሺ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ። የእርስዎ ቃል ነው። እሁድ እንመለሳለን።» ሦስቱም ሳይቀመጡ እንደቆሙ ወጡ።

ራኬብ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ዘርዓብሩክ ከመንገዱ ማዶ፣ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ቆሟል። ጺሙን አልተላጨም። ሽማግሌዎቹ ተሻግረው ሲነግሩት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ የሠርጉን አሥራ ሦስት ቀንና የመልሱን አሥራ አራት ቀን ሲያነጻጽር ከሩቅ ይታያል። ከዚያ እጁን አወረደ። ወደ ቤቱ ዞረና፣ ሰው ለታላቁ እንደሚያደርገው፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። መስኮት መስኮቱን አላየም። እሷን አልፈለገም። እጅ የነሳው ለበሩ፣ ከበሩ ጀርባ ላለችው ሴት ነው። ሳያያት ሄደ።

እንዲያ ወድዳው አታውቅም። ደግሞም አሁንም ተናዳበታለች፤ ሁለቱ አብረው ደረቷ ውስጥ አልበቃ አሏት።

ዞር ስትል ሸዋረጋ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፊቷ እንደ ሰረቀች ልጅ ቀልቷል።

«ሦስት ትልልቅ ወንዶች አቆምኩ» አለች በሹክሹክታ። «አንዱ እኮ ከዘራ ይዟል። አበዛሁት እንዴ፣ ልጄ?»

ራኬብ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና ጉልበቷን አቀፈች። ማክሰኞ አልወጣ ያላት እንባ አሁን መጣ፤ ሲመጣ ግን ከሳቅ ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

«አላበዛሽም፣ እቴቴ» አለች በእንባዋ መሀል። «እኔ ብሆን ወር ነበር የምላቸው!»

ሸዋረጋ አፏን በነጠላ ልትሸፍን እጇን አነሳች። ከዚያ ተወችው፤ አፏን ሞልታ ሳቀች።